ያለ ልክ ተመሰገነ ስለ መባል፤ የሮክ አልበሞች ፍርድ በወዳጆቻቸው መካከል

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ ሳይነሡ የማይቀሩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፥ ከአልበሞች ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የትኛው ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ከሚገባው በላይ የተመሰገነው የትኛው ነው? የሚል ነው። በሸክላ መሸጫ ሱቅ፥ በተማሪዎች ማደሪያ፥ በመጠጥ ቤትና በመጽሔት ዐምድ ይህ ክርክር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲካሄድ ኖሯል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኒክ ሆርንቢ በ1995 ባሳተሙት «ሃይ ፊዴሊቲ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን አንድ ሸክላ ሱቅ የሚሠሩ ሰዎች ለፍቅርም ለሞትም አምስት አምስት ምርጥ ሲደረድሩ ይውላሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው፥ ያለ ዳኛ የሚፋረዱበት ሸንጎ ዳኛ ከተሰየመበት ያላነሰ ትምህርት አለው።

ብዙዎች ሁለቱን ጥያቄዎች የአንድ ሚዛን ቀኝና ግራ አድርገው ይገምቷቸዋል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። «ከሁሉ የምወደው ይህን ነው» የሚል ሰው የሚመሰክረው ስለ ገዛ ጆሮውና ስለ ገዛ ኑሮው ነው፤ ሰሚው ሊደነቅበት ይችላል እንጂ ሊረታው አይችልም። «ይህ አልበም ያለ ልክ የተመሰገነ ነው» የሚለው ግን የሚናገረው ስለ ጎረቤቶቹ ነው። ቃሉ ራሱ አመስጋኙን ይሰውረዋል፤ ተመሰገነ ይላል እንጂ ማን እንዳመሰገነው አይገልጽም፤ ክርክሩም የሚጦፈው በዚህ በተሰወረው ባለቤት ምክንያት ነው። አንድን አልበም መጥፎ ነው ለማለት አልበሙን መስማት ይበቃል። ያለ ልክ ተመሰገነ ለማለት ግን ከአልበሙ ሌላ የአመስጋኞች ጉባኤ ያስፈልጋል። ስሙ ያልተሰማ ሸክላ በዚህ ነቀፋ ተከሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ነቀፋው ለተከሳሹ አልበም ሳያስበው የማዕረግ ምስክር ይሆንለታል።

ይህ ሸንጎ የቆመው በአንድ ዕቃ ላይ ነው። ቀደም ባለው ዘመን በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዝ ስለ ነበር፥ ረዘም ያለ ሥራ የሚሸጠው ብዙ ሸክላዎች እንደ ፎቶግራፍ ደብተር በተጠረዘ መያዣ ውስጥ ተቀምጠው ነው፤ አልበም የሚለው ስምም ከዚያ ቀረ። በ1948 የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ባወጣ ጊዜ በየገጹ ከ20 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ መያዝ ተቻለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የሮክ ተጫዋቾች ይህን ሸክላ እንደ አንድ ሙሉ ድርሰት ማሰናዳት ያዙ። በ1966 ቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ»ን፥ ቢትልስም «ሪቮልቨር»ን አወጡ፤ በ1967 ደግሞ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ተከተለ። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፥ ከነሽፋኑ በእጅ የሚያዝ፥ በመደርደሪያ ላይ በተራ የሚቆም ነገር ከተገኘ በኋላ እርስ በርሱ ማወዳደርና ደረጃ ማውጣት ሳይውል ሳያድር መጣ።

የ«ሳርጀንት ፔፐር» ታሪክ የልማዱን ጠባይ ከሌሎቹ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። የዘፈኖቹ ግጥም በሽፋኑ ላይ ታትሞ ስለ ወጣ አድማጩ አንባቢም ሆነ። በ1968 የዓመቱ ምርጥ አልበም የሚባለውን የግራሚ ሽልማት ሲቀበል ከሮክ አልበሞች የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ገና በወጣበት ወር ሪቻርድ ጎልድስታይን የተባሉት ሐያሲ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ፥ የድምፁ ጌጥና ብልሃት በዝቶ ድርሰቱን እንዳዳከመው ጽፈው፥ የመጨረሻውን ዘፈን ብቻ ለይተው አወደሱ። ከአንባቢዎች የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። ሐያሲው ስለ ድምፅ አቀነባበር የሰጡት አስተያየት ተገቢ ይሁን አይሁን ብዙም አላከራከረም፤ በድግስ መካከል ተቀምጦ ከማዕዱ እጁን የሰበሰበ እንግዳ በሚታይበት ዐይን ታዩ።

ከዚያ ወዲህ የአልበሙ ማዕረግ በየመዝገቡ ሲታተም ኖረ። ፖል ጋምባቺኒ በ1978 የሐያስያንን ድምፅ ሰብስበው ባሳተሙት የ200 አልበሞች መዝገብ አንደኛ ሆነ፤ «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው መጽሔት በ2003 ባወጣው የ500 አልበሞች መዝገብም አንደኛ ነበር። በ2020 ያው መጽሔት መዝገቡን እንደ አዲስ ሲያዘጋጅ ግን ወደ 24ኛ ወረደ። የሸክላው ድምፅ በነዚህ ዓመታት አልተለወጠም።

ፍርዱ ወደ ላይ የተገለበጠላቸውም አሉ። ሌድ ዜፕሊን በ1969 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ «ሮሊንግ ስቶን» አቃሎ ጽፎባቸው ነበር፤ ከ30 ዓመት በኋላ ያው መጽሔት ያንኑ አልበም ከታላላቆቹ ቈጠረው። በ1967 የወጣው የቬልቬት አንደርግራውንድና የኒኮ አልበም ገበያ አላገኘም ነበር፤ ዛሬ ስለ እርሱ፥ የገዙት ጥቂቶች ቢሆኑም የገዙት ሁሉ ባንድ አቋቋሙ የሚል አነጋገር እንደ ተረት ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። በአንጻሩ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ700 ሳምንት በላይ ቈይቷል፤ ያለ ልክ ተመሰገነ ሲባልም ስሙ ቶሎ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ጥቂቶች የሰሙት አልበም ወዳጁን ያስከብረዋል። ሁሉም ቤት ያለ አልበም ግን ለማንም የተለየ ክብር አይሰጥም።

እነዚህ ሁለት ዐይነት ንግግሮች እያንዳንዳቸው በመጽሐፍ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብም ይጠቅማል። የመጀመሪያው ግሪል ማርከስ በ1979 ያዘጋጁት «ስትራንድድ» ነው። ሃያ ሐያስያን፥ ሰው በሌለበት ደሴት ብቻህን ብትጣል ይዘኸው የምትሄደው አልበም የትኛው ነው? ተብለው ተጠይቀዋል። ሁለተኛው ጂም ዴሮጋቲስና ካርሜል ካሪዮ በ2004 ያዘጋጁት «ኪል ዩር አይዶልስ» ሲሆን፥ በዚህኛው ደግሞ ከማርከስ ትውልድ በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው እንደ ታላቅ የሚቈጠር አንድ አልበም መርጠው ይነቅፋሉ። ዴሮጋቲስ ራሳቸው የያዙት «ሳርጀንት ፔፐር»ን ነው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ከታወቁት ድርሰቶች አንዱ ሌስተር ባንግስ ስለ ቫን ሞሪሰን የ1968 አልበም «አስትራል ዊክስ» የጻፉት ነው። ባንግስ አልበሙን ከመመርመራቸው በፊት እነርሱን ራሳቸውን ያገኘበትን ክፉ ጊዜ ይተርካሉ፤ ከዚያም ወደ ዘፋኙ ድምፅ ተመልሰው፥ አንድን ቃል እየደጋገመ የሚይዝበትንና የሚለቅበትን መንገድ ይከተላሉ። አንባቢ በፍርዳቸው ባይስማማም እንኳ ሸክላው ሲሰማ ምን እንደሚመስልና በአንድ ሰው ኑሮ ውስጥ ምን እንደ ሠራ ያውቃል። ደሴቱ ጥሩ ብልሃት ነበር፤ ሰሚ ጎረቤት የሌለበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ ለታይታ መውደድ ትርጉም ያጣል። እርግጥ ጸሐፊዎቹ ለአንባቢ እንደሚጽፉ አልረሱም፤ ከደሴቱ የሚላክ ደብዳቤ ምንጊዜም ተቀባይ ታስቦለት ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ በዚህ ረገድ ይደክማል። ብዙ ጊዜ ነቀፋው ከአልበሙ ተነሥቶ ወደ አልበሙ ወዳጆች፥ ይኸውም ከጦርነቱ በኋላ ተወልዶ የወጣትነቱን ሙዚቃ የዓለም መለኪያ ወዳደረገው ትውልድ ይሻገራል፤ በአባቶች ላይ የተነሣ የልጆች ክስ ይሆናል። ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ታናሹ የወረሰው ጆሮውን ሳይሆን የሌሎችን መዝገብ ከሆነ፥ መዝገቡን ማን እንደ ጻፈው የመጠየቅ መብት አለው። ጉድለቱ፥ ነቃፊው ያን ከጠየቀ በኋላ ሸክላውን እንደ ገና የማዳመጡን ሥራ እንደ ተፈጸመ መቍጠሩ ነው። በ1967 ጎልድስታይን፥ ትክክልም ይሁኑ ስሕተት፥ በድምፁ ላይ የሰሙትን ነበር የጻፉት፤ ስለዚህ ዛሬም ሸክላውን አስቀምጦ ከርሳቸው ጋር መከራከር ይቻላል።

ፈረንሳዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ፒየር ቡርዲዩ በ1979 ባሳተሙት ታላቅ ሥራቸው፥ የጥበብ ጣዕም የሰዎችን የማኅበር ደረጃ መለያ መሆኑን አስረድተዋል። ትምህርታቸው ለሁለተኛው ጥያቄ በሚገባ ያገለግላል፤ ያለ ልክ ተመሰገነ የሚለው ሰው ከማን ጋር መቈጠር እንደማይፈልግ ያሳውቃልና። ለመጀመሪያው ጥያቄ ግን አይበቃም። የባንግስን ምስክርነት የማዕረግ ፍለጋ ብቻ አድርጎ የሚተረጕም መርማሪ የምስክሩን ቃል ሳይሰማ ብያኔ እንደሰጠ ይቈጠራል።

በአደባባይ በሚደረገው የድምፅ አሰጣጥ ለነቀፋ ስፍራ አልተሰጠም። «ቪሌጅ ቮይስ» የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ በሮበርት ክሪስትጋው አሳብ በየዓመቱ ያካሂደው በነበረው ምርጫ፥ እያንዳንዱ ሐያሲ 100 ነጥብ ለ10 አልበሞች ያከፋፍል ነበር፤ ለአንዱ ከ30 በላይ ወይም ከ5 በታች መስጠት አይችልም። ደንቡ የፍቅርን መጠን ለመለካት የታሰበ ብልህ ደንብ ነው፤ ጥላቻን የሚመዘግብበት ዐምድ ግን የለውም። ስለዚህ መዝገቡን ማስተካከል የሚቻለው አንድም በክርክር፥ አንድም መራጮችን በመለወጥ ነው።

የ2020ው «ሮሊንግ ስቶን» ያደረገው ሁለተኛውን ነው። ከ300 በላይ ሙዚቀኞች፥ አዘጋጆችና ሐያስያን እያንዳንዳቸው 50 አልበሞች መርጠው ላኩ። የጥቁር አሜሪካዊው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ከ6ኛ ወደ አንደኛ፥ የጆኒ ሚቸል «ብሉ» ከ30ኛ ወደ 3ኛ ወጣ። ሁለቱም በ1971 የታተሙ ናቸው፤ በ2003ም የነበሩ ሸክላዎች ናቸው። እንግዲህ በቀድሞው መዝገብ «የሮክ ወዳጆች ፍርድ» ይባል የነበረው የአንድ ወገን፥ በአመዛኙም የነጭ ወንዶች ፍርድ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ለሴቶቹ የተሰጠው ስፍራ ከመጀመሪያውም የጠበበ ነበር። ከ1968 ጀምሮ በ«ኒው ዮርከር» መጽሔት ስለ ሮክ የጻፉት ኤለን ዊሊስ በ«ስትራንድድ» ውስጥ ስለ ቬልቬት አንደርግራውንድ አንድ ድርሰት አላቸው፤ አብረዋቸው ያሉት ሴቶች ጥቂቶች ናቸው።

በመራጮች ለውጥ የማይቃና አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ዕቃው ራሱ ነው። ሮክ እንዲወለድ ያደረጉት እንደ ቻክ ቤሪ ያሉ ሰዎች የሠሩት ለትንሹ፥ በየገጹ አንድ ዘፈን ለሚይዘው ሸክላ ነበር። ስለዚህ ወደ አልበሞች መዝገብ የሚገቡት ከረጅም ጊዜ በኋላ ሌላ ሰው ዘፈኖቻቸውን አሰባስቦ ባሳተመላቸው ስብስብ ነው፤ ቤሪ በ1982 በወጣው «ዘ ግሬት ትዌንቲ ኤይት» እንደ ገባ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በውጭ አገር አድማጮች ሸንጎ የቀረበበት መንገድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አምሐ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያሳተሟቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሾች ነበሩ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኤትዮፒክ» በሚል ስም በተከታታይ ቅጽ ሲያወጧቸው ግን እያንዳንዱ ቅጽ ከነሽፋኑ አልበም ሆነ። ከነዚያ ቅጾች የትኛው ይበልጣል፥ የትኛውስ ያለ ልክ ተመሰገነ ብለው የሚከራከሩ የአውሮፓ አድማጮች፥ በከፊል የሚፈርዱት በአዘጋጁ ምርጫና አደራደር ላይ ነው፤ ከነዚያ ዘፈኖች ብዙዎቹን ዘፋኞቹና ተጫዋቾቹ ያወጧቸው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሰሙ ነበር።