«ምርጫው ተጠለፈ» ሲሉን፣ ምኑ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች «የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ» እያሉ ከሚያቀርቡልን ተንታኞች ብዙዎቹ ግን ከሥሩ አይጀምሩም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ «ምርጫው ተጠለፈ» የምትል አንዲት አባባል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ስታገለግል ታዝቤአለሁ።

አንደኛው የደብዳቤ ስርቆት ነው። በማርች 2016 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ጆን ፖዴስታ ከጉግል የተላከ በሚመስል የሐሰት መልእክት ኢሜይላቸው ተዘረፈ። በዚህና በመሰል ዝርፊያዎች 12 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖች በ2018 ተከሰዋል። ሁለተኛው የድምፅ ቆጠራን መለወጥ ነው። ይህንን የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ መርምሮ አንድም ድምፅ ለመለወጡ ማስረጃ አላገኘም። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲጠሩ ሰሚው ቆጠራውን ራሱን ቢጠራጠር ምን ይደንቃል?

በ2020 ጥርጣሬው ወገን ቀይሮ መጣ። ፎክስ ኒውስ «የዶሚኒየን መሣሪያዎች ድምፅ ሰረቁ» የሚሉ እንግዶችን ደጋግሞ አቀረበ። በ2023 ለኩባንያው 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተጎዳውን የሕዝብ እምነት ግን ማን ይክሳል?

እውነተኛ ሙያ ምን እንደሚመስል እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችን ጉዳይ አይተናል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረውን ስለላ በ2014 ሲያጋልጥ፣ ጥቃቱ በየትኛው ቀን፣ በምን ዓይነት ፋይልና በየትኛው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር እንደተሞከረ ማስረጃውን ዘርግቶ ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ተንታኝ ሲያስደነግጠን «ምኑ ተጠለፈ? በምን አወቅህ?» እንበል። መልስ ከሌለው ማዕረጉ አያስጨንቀን።