«ድምፅ ማጉያ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በአማርኛችን «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስያሜ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎችን ተሸክሞ ይኖራል። ተናጋሪው ወደ አፉ የሚያስጠጋው ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያ ይባላል፤ ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያበረታው አምፕሊፋየርም ድምፅ ማጉያ ነው፤ በመጨረሻ አየሩን አንቀጥቅጦ ለጆሯችን የሚያደርሰው ስፒከርም እንዲሁ። በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው ይህ የዘወትር ራስ ምታት ነው። ነገሩ ግን ከመዝገበ ቃላት ያልፋል። ስማቸው አንድ የሆነ ዕቃዎች ሥራቸውም አንድ ይመስለናል። ስለዚህም ልንገዛ ስንወጣ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ዋት ነው?» በዚህ ጽሑፍ ለማለት የምፈልገው፣ ይህ ጥያቄ ለብቻው ሲጠየቅ ሙዚቃችንን እየጎዳብን መሆኑን ነው። ግልጽ እንዲሆንም ከዚህ በኋላ አንዱን ስፒከር፣ ሌላውን አምፕሊፋየር እላቸዋለሁ።

በናይሮቢ የሉቱሊን ጎዳና የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። በዚያ ከተደረደሩት ካርቶኖች ላይ «ፒ ኤም ፒ ኦ» ከሚሉ ፊደላት ጋር የአምስት ሺሕና የዐሥር ሺሕ ዋት ቁጥር ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ቁጥር ለመመርመር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የኬንያ ቤት መሰኪያ 240 ቮልት ሲሆን የሶኬቱ ፊውዝ ከ13 አምፔር አይበልጥም። ሁለቱ ሲባዙ 3,120 ዋት ይሆናሉ። ታዲያ ከግድግዳው የማይገኝ ዐሥር ሺሕ ዋት ከስፒከሩ ከየት ይመጣል? «ፒ ኤም ፒ ኦ» ለቅጽበት እንኳ ሊታይ የማይችልን ጫፍ ሁሉም በየራሱ መንገድ የሚያሰላበት፣ የጋራ መለኪያ የሌለው የሻጭ ቋንቋ ነው። ገዢ ሊያነበው የሚገባው ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል፣ ማለትም «አር ኤም ኤስ» የተባለውን ነው። እሱም ካልተጻፈ ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈው የኃይል ፍጆታ እውነቱን ይናገራል፤ 80 ዋት የሚበላ ዕቃ ከ80 ዋት በላይ ሊያወጣ አይችልም።

ከቁጥሩ ይልቅ መመርመር የሚገባው ጠባዩ ነው። ፍጹም ገለልተኛ የሆነ ስፒከር እስካሁን አልተሠራም። ሾጣጣው ከምን እንደተሠራ፣ ሣጥኑ ምን ያህል እንደሚርገበገብ፣ ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ የሚለየው ወረዳ እንዴት እንደተቀመመ፣ እነዚህ ሁሉ ለድምፁ ቀለም ይሰጡታል። ለዚህ ሁነኛው ምሳሌ ቢቢሲ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው ኤል ኤስ 3/5ኤ የተባለው ትንሽ ስፒከር ነው። የታሰበው ቦታ ለሚጠብባቸው የውጭ ስርጭት መኪናዎች ነበር። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሣጥኑ ከስስ የእንጨት ጣውላ የተሠራና ከውስጥ እርግብግቢቱን በሚያፍን ነገር የተለበጠ፣ ሁለቱም ድምፅ አውጪዎቹ ከኬፍ ኩባንያ የመጡ ናቸው። ሮጀርስ፣ ስፔንዶርና ሃርቤትን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በፈቃድ አምርተውታል፤ ዛሬም በድጋሚ የሚሠሩት አሉ።

የዚህ ስፒከር ጠባይ ምንድን ነው? የሰው ድምፅ ላይ እጅግ ታማኝ ነው። ትንፋሹን፣ የከንፈሩን መገጣጠም፣ የጉሮሮውን ሻካራነት ሳይቀንስም ሳይጨምርም ያቀርባል ማለት ይቻላል። ከ80 ኸርዝ በታች ግን ዐቅሙ ይከዳዋል። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ከ100 ኸርዝ ከፍ ባለው ክፍል ላይ ትንሽ እብጠት ትተውለታል፤ ጆሮም በዚያ ተታሎ ያልነበረውን ውፍረት የሰማ ይመስለዋል። ይህ ብልኀት እንጂ እውነት አይደለም፤ ቢሆንም የተሳካ ብልኀት ነው።

ስፒከር ሲመዘን የፈረንጅ መጽሔቶች የሚያቀርቡት ፒያኖና ቫዮሊን ነው። እኛ ግን የራሳችን መመዘኛ አለን። በገናን እንውሰድ። ዐሥሩ አውታሮች በርኩማው ላይ የሚያርፉት እንዚራ በሚባለው ትንሽ ቆዳ ታግዘው ነው፤ ያ የሚያንዘረዝር፣ የንብ ቀፎ የሚመስል ድምፅ የሚወለደው ከዚያ ነው። በዚህ እርግብግቢት ውስጥ ከመሠረቱ ድምፅ በላይ የተደራረቡ ብዙ ተከታይ ድምፆች አሉ። ጆሯችን እነዚህን ከሰማ፣ መሠረቱ እንኳ ቢጎድል ራሱ ሞልቶ ይሰማዋል። ስለዚህ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ የወጣውን የዓለሙ አጋን በገና በትንሹ ኤል ኤስ 3/5ኤ የሚሰማ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ያገኛል። ከበሮና ቤዝ ጊታር ግን እንዲህ አይሸነገሉም። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ላይ ይርገበገባል። ጭፈራ ለሚሻ ሰው ይህ ስፒከር የተሳሳተ ምርጫ ነው። ቀጭኑን ድምፅ አጋንኖ የሚያሾል ስፒከር ደግሞ በገናውን ወደ ተሰነጠቀ ቆርቆሮ፣ ማሲንቆውን ወደ ጩኸት ይለውጠዋል። በየምግብ ቤቱ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ጥምረቱ እንምጣ። የመጀመሪያው ጉዳይ ስፒከሩ ኃይልን ወደ ድምፅ የሚለውጥበት ብቃት ነው። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 83 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከርና 93 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በዐሥር ዴሲቤል ይለያያሉ፤ ይህም በኃይል ሲተረጎም ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። አንዱ 50 ዋት የሚፈልግበትን ድምፅ ሌላው በ5 ዋት ያሰማል። ስለዚህ ትንሽ ኃይል ያለው የቫልቭ አምፕሊፋየር ከሁለተኛው ጋር ሲዘምር፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲያቃስት ብንሰማ ጥፋቱ የማንኛቸውም አይደለም። ያጠፋው አጋቢው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በኦም የሚለካው መቋቋም ነው። ስፒከር ላይ «8 ኦም» ተብሎ የሚጻፈው አማካይ ግምት ነው፤ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከ4 እስከ 20 ኦም ሊዋዥቅ ይችላል። አምፕሊፋየሩ ራሱ 2 ኦም ያህል የውስጥ መቋቋም ካለው፣ በአንዳንድ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች እንደሚታየው፣ ስፒከሩ 20 ኦም በሚሆንበት ድምፅና 4 ኦም በሚሆንበት ድምፅ መካከል 2.7 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል። የአምፕሊፋየሩ የውስጥ መቋቋም 0.1 ኦም ከሆነ ግን፣ በጥሩ ትራንዚስተር እንደሚገኘው፣ ልዩነቱ ከ0.2 ዴሲቤል በታች ይወርዳል። «ይህ አምፕሊፋየር ሞቃት ነው፣ ያኛው ደረቅ ነው» እያልን ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንገልጸው የሁለቱን ጋብቻ ነው፤ ስፒከሩ ሲለወጥ ፍርዱም ይለወጣል። የኤል ኤስ 3/5ኤ የመጀመሪያው ዓይነት 15 ኦም ስለሆነ ከቫልቭ ጋር በሰላም ይኖራል። ብቃቱ ግን ዝቅተኛ፣ የሚሸከመውም 25 ዋት ገደማ ስለሆነ ቦታው ትንሽ ሳሎን ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንጨነቅበታለን የሚል አይጠፋም። «የእኛ ዘፈኖች በቀላል መሣሪያ የተቀዱ፣ በካሴት የተባዙ ናቸው፤ ጥሩ ዕቃ ምን ያደርግላቸዋል?» ይላሉ። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ከካሴት የተገለበጠ ቅጂ የቴፑን ሽሽታ ይዞ ይመጣል፤ ቀጭኑን የሚያሾል ስፒከርም ሽሽታውን ከዘፋኙ ያስቀድማል። ነገር ግን ይህ ለጥንቃቄ ተጨማሪ ምክንያት ነው እንጂ ለቸልተኝነት ፈቃድ አይሆንም። ዐምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሕጉ ያንን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የሰጠ ነበር። ከዚያ ድፍረት የተረፉት ቅጂዎች በጥቂት ማይክሮፎን የተቀዱ ቢሆኑም፣ የነሐስ መሣሪያዎቹን እስትንፋስና የአዳራሹን አየር ይዘዋል። ማህሙድ አሕመድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ለካይፋ ያስቀዳውን «ኧረ መላ መላ» ባስ ብቻ በሚያጓራ ዕቃ የሰማ ሰው፣ ዘፈኑን አውቀዋለሁ ቢልም ዜማውን በሩቁ ነው የሚያውቀው።

የናይሮቢ ማታቱ ባስን የኪነ ጥበብ ደረጃ አድርሶታል፤ በመንገድ ላይ ሲያልፍ ደስ ይላል። ችግሩ ያንኑ ሚዛን ወደ ምግብ ቤቶቻችንና ወደ ሳሎኖቻችን ስናስገባው ነው። ለሳሎን የተሠራች ትንሽ ስፒከር ኪሊማኒ ወይም ኢስሊ ውስጥ ለሞላ አዳራሽ ስትታዘዝ፣ አምፕሊፋየሩ ዐቅሙን ጨርሶ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል። የተቆረጠው ሞገድ ቀጭኑን ድምፅ አውጪ ያቃጥላል፤ ባለቤቱም «ዕቃው ርካሽ ነበር» ይላል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ቃላቱ እርስ በርስ ይፋጃሉ። መጋረጃና ምንጣፍ ከሌላ መቶ ዋት ይልቅ ይጠቅማሉ።

ስለዚህ ወደ ገበያ የሚወጣ አንባቢ ቅደም ተከተሉን ይገልብጥ። በመጀመሪያ ክፍሉን ይለካ፤ ከዚያ ለክፍሉ የሚስማማውን ስፒከር ይምረጥ፤ በመጨረሻ የዚያን ስፒከር ብቃትና ኦም አይቶ አምፕሊፋየር ይፈልግለት። ሻጩ ዘንድ ሲደርስም የሱቁን ማሳያ ሙዚቃ ትቶ የሚያውቀውን ዘፈን ያስከፍት፤ አንድ የበገና፣ አንድ የከበሮ፣ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት። ዘፋኙ ከተሰማ በኋላ ዋቱን ይጠይቅ።