የሕዋስ ከረጢቶችና ትንኝ ወለድ ቫይረሶች፦ የማስረጃው ጥንካሬና ድክመት

በደንጊ፣ በዚካና በመሰል ትንኝ ወለድ ቫይረሶች የተጠቃ ሕዋስ አዳዲስ ቫይረሶችን ብቻ ሳይሆን በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ጥቃቅን ከረጢቶችንም ይለቃል። ከእነዚህም ኤክሶሶም የሚባሉት ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። ከረጢቶቹ የቫይረሱን አርኤንኤና ፕሮቲን ተሸክመው፣ ከፀረ-እንግዳ አካላትም ተሰውረው ወደ ጤነኛ ሕዋስ ያሻግራሉ የሚል አስተሳሰብ ባለፉት ዓመታት ተስፋፍቷል። ይህ እውነት ከሆነ ለክትባት ጥናት የሚኖረው ትርጉም ከባድ ነው፤ ፀረ-እንግዳ አካል ብቻውን ኢንፌክሽኑን ላይገታ ይችላልና። በመሆኑም ማስረጃውን መመዘን ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት የደንጊ አርኤንኤና ፕሮቲን በከረጢቶች አማካይነት ከትንኝ ሕዋስ ወደ ሰው ሕዋስ እንደሚተላለፍ አሳይቷል። ሥራው ፈር ቀዳጅ ቢሆንም ሁለት ጥያቄዎች ይነሱበታል። አንደኛ፣ የደንጊ ቫይረስ ስፋት 50 ናኖሜትር ያህል በመሆኑ ከኤክሶሶም ጋር በመጠን ይመሳሰላል፤ በማሽከርከር ብቻ ሁለቱን ፈጽሞ መለየት አዳጋች ነው። ሁለተኛ፣ የከረጢት መለቀቅን ለመግታት የሚውለው ጂደብልዩ4869 የሕዋሱን የስብ ምርት ጭምር ያዛባል፤ ቫይረሱም የሚራባው በሕዋሱ ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ የሥርጭቱ መቀነስ ከከረጢቱ መጥፋት የመጣ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን በከፊል ያልፋል። በትንኝ ምራቅ ከረጢቶች ውስጥ የተገኘው የደንጊ አርኤንኤ ቁራጭ ነበር፤ ቁራጩ ቫይረስ መገንባት ባይችልም የሰውነትን መከላከያ በማዳከም ኢንፌክሽኑን ያግዛል። ከዚህ አንጻር ከረጢቱ ለቫይረሱ መንገድ ጠራጊ እንጂ ተተኪው አይመስልም።

በበሽታው ክብደት ረገድም ሚናው ሁለት ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በደንጊ የተቀሰቀሱ ፕላትሌቶች የሚለቋቸው ከረጢቶች ብግነትን እንደሚያባብሱ ታይቷል፤ ከረጢቶቹ የሚጣበቁባቸውን ሁለት ተቀባዮች በአንድነት በመዝጋት በአይጦች ላይ የመትረፍ ዕድል ከ30 ወደ 90 በመቶ ከፍ ብሏል። በአንጻሩ ኤክሶሶሞች አይኤፍአይቲኤም3 የተባለውን ፀረ-ቫይረስ ፕሮቲን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እንደሚያደርሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘግቧል። እንግዲህ ከረጢቶችን በጅምላ የሚገታ መድኃኒት ወዳጅንም ጠላትንም ሊያስወግድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በድሬዳዋ ታይቷል። በእንዲህ ዓይነት ሥፍራ የሚሠራ ባለሙያ የአይጥ ውጤትን እንደ ሕክምና መመሪያ ሊወስደው አይገባም። ዛሬም ሕይወት የሚያተርፈው የአደጋ ምልክቶችን በጊዜ መለየት፣ ፈሳሽን በልክ መስጠት፣ ደንጊ በሚጠረጠርበት ጊዜ አስፕሪንና አይቡፕሮፌንን ማስወገድ፣ ኤደስ ትንኝ የምትራባባቸውን የውኃ ማጠራቀሚያዎች መክደን ነው። ተመራማሪዎች በበኩላቸው ቫይረሱን ከከረጢቱ የለዩበትን መንገድ በግልጽ እስካላሳዩ ድረስ፣ ድምዳሜያቸው ከማስረጃቸው ቀድሞ የሄደ ሆኖ ይቀራል።