የቆመ ካሜራና የሚሮጥ ካሜራ

በገና ዕለት ጧት በላሊበላ ቤተ ማርያም የሚፈጸመው የቤዛ ኵሉ ሥርዓት ዛሬ በስፍራው ለተገኘው ምዕመን ብቻ የሚታይ አይደለም። ታላላቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከሚያሰራጩት ሌላ፣ ከአንድ የእጅ ስልክ በቀር መሣሪያ የሌላቸው ወጣቶች ሥርዓቱን በዚያው ሰዓት፣ በእኩለ ሌሊት ነቅተው ለሚጠብቁት የዋሽንግተን ወገኖቻችን ያደርሱታል። ይህ ተግባር የቴክኒክ ዕድገት ነው ተብሎ ብቻ ተመስግኖ መታለፍ የለበትም። ምስልን መርጦ ማሳየት እስከሆነ ድረስ የኪነ ጥበብ ሥራ ነውና ሂስ ይገባዋል።

የነዚህ ሥርጭቶች ዋነኛ ጉድለት ድህነታቸው አይደለም፤ ባለጠጋውን ቴሌቪዥን ለመምሰል መጣራቸው ነው እንጂ። ባለስልኩ በሕዝቡ መካከል ይሽሎከለካል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል፤ አንዱን ፊት አቅርቦ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለተመልካቹ የሚደርሰው ግን የተሰባበረ ምስል ነው። ምክንያቱም ቪዲዮ በሚላክበት ጊዜ እያንዳንዱ ምስል በሙሉ አይላክም፤ በአብዛኛው የሚላከው ከቀዳሚው ምስል የተለወጠው ክፍል ብቻ ነው። ካሜራው ከቆመ የማይንቀሳቀሰው ዓለት እምብዛም ወጪ የለበትም፤ ካሜራው ሲሮጥ ግን ዓለቱም፣ ሰማዩም፣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብም እንደ አዲስ መላክ አለባቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ ደግሞ መስመሩ አስቀድሞ የተጣበበ ነው።

ነገሩ የዋጋ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቴክኒክ ባለሙያዎች በተተወ ነበር። ነገር ግን የይዘትና የቅርጽ ጥያቄ ነው። በቤዛ ኵሉ ካህናቱ ከፊሎቹ በዓለቱ አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ቆመው ዝማሬውን ይቀባበላሉ፤ የመላእክትና የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። የሥርዓቱ ፍች ያለው እንግዲህ በላይኛውና በታችኛው መካከል ባለው ርቀት ነው። የሚሮጠው ካሜራ አንዴ ላዩን፣ አንዴ ታቹን ያሳያል፤ ሁለቱን በአንድነት ግን ከቶ አያሳይም። ከማዶ ተተክሎ ሁለቱንም ረድፎች የያዘ አንድ የቆመ ምስል፣ ቢደበዝዝ እንኳ፣ ከዚያ ሁሉ ሩጫ የበለጠ ይናገራል።

ስለ ድምፅም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት የሚላክ ምስል በሰዓት 1.1 ጊጋባይት ያህል ሲፈጅ፣ በ128 ኪሎቢት የሚላክ ጥሩ ድምፅ ከ58 ሜጋባይት አያልፍም። ከሁሉ የረከሰው ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ሆኖ ሳለ፣ ባለስልኩ በጸናጽሉና በከበሮው ላይ ተመልካች እየቆጠረ፣ ሰላምታ እያቀረበ፣ ስጦታ እየጠየቀ ይናገርበታል። መብላት እንዳለበት አይካድም። ይህንኑ ከዝማሬው በፊት ወይም በኋላ ቢለው ማን ይከለክለዋል?

የቆመ ካሜራ ምን ሊያይ እንደሚችል ከሌላ አገር ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በአላስካ በካትማይ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የድቦችን ኑሮ በቀጥታ የሚያሰራጩ ካሜራዎች አሉ፤ ምልክታቸው በደምፕሊንግ ተራራ በኩል ተሻግሮ ወደ ኪንግ ሳልሞን ይደርሳል። ገንዘቡ ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የመጣ በመሆኑ ድሆች ናቸው አይባልም፤ ትዕግሥታቸው ግን ለድሃው ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተራራው ላይ ባለው ካሜራ ፊት መንገድ የጠፋበት አንድ ተጓዥ ብቅ ብሎ እርዳታ ሲለምን ተመልካቾች አይተው አስታወቁለትና ዳነ። ባዶ ተራራን ያን ያህል ጊዜ ለማሳየት የሚደፍር የቴሌቪዥን አዘጋጅ ይገኛል ብሎ መገመት አስቸጋሪ ነው።

በላሊበላ ይህን ለማድረግ እንቅፋት የሚሆነው ገንዘብ ሳይሆን ቦታ ነው። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ተክሎ ከርቀት የመጣውን ምዕመን መጋረድ አይገባም፤ ሁለቱም ረድፎች የሚታዩበትን ጥግ ለማግኘት ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ በብርዱ መቆም ያስፈልጋል። የስልኩ ባትሪ እስከዚያ ድረስ ተዘግቶ ይቆይ።