ቁጥሩ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ጎዶሎ ነው

ባለፈው ዓመት አክስቴ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን ዲሲ ልትሄድ ስትል «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ትኬቷን ማየት ሲገባኝ የከተሞችን የአየር ርቀት ከሚያሰሉት ድረ ገጾች አንዱን ከፈትኩ። 11,500 ኪሎሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት! ልጇም በእኔ ሂሳብ ተማምና ኤርፖርት ሄደች፤ ከአራት ሰዓት በላይ ቆማ ጠበቀች። ኢንጂነሪንግ የተማርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ስለዚህ ዛሬ እነዚህን ድረ ገጾች ልተቻቸው ነው። በቅድሚያ ግን ሐቁን እንናገር፤ ርቀቱን በትክክል ያሰላሉ። እስቲ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የመርኬተር ካርታ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ አገናኙ። መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል ያልፋል። አሁን ደግሞ ሉል ላይ ክር ወጥሩ። ክሩ በሊቢያ አድርጎ፣ ስፔንና ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክን ያቋርጣል። ካርታው ላይ ቀጥ ያለው መንገድ በ500 ኪሎሜትር ገደማ ይረዝማል ማለት ነው። ድረ ገጾቹ ትክክለኛውን፣ ካርታ ላይ ጎብጦ የሚታየውን መስመር ይስላሉ፤ ለምን እንደጎበጠ ግን አይነግሯችሁም።

ዋናው ቅሬታዬ ሰዓቱ ላይ ነው። ርቀቱን ለአንድ ቋሚ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በሰዓት 900 ኪሎሜትር፣ ያካፍሉና ለመሄጃም ለመመለሻም ያንኑ መልስ ይሰጣሉ። አትላንቲክ ላይ ግን አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ (ጄት ስትሪም) አለ። ሲኬድ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዛል።

ሌላው ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሳው በበለጠ ፍጥነት ሲንደረደር ነው። ታዲያ ሙሉ ተሳፋሪና ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለዓመታት ወደ ዋሺንግተን ሲሄድ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ እያረፈ ነዳጅ የሞላው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ቦሌ የገባው ለዚህ ነው። የዋሺንግተኑ ደለስ ኤርፖርት እኮ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም።

የሚገርመው፣ አክስቴ ስትመለስ የእኔ 13 ሰዓት ሊገጥም ምንም አልቀረውም። አደገኛው ነገር ይሄ ነው፤ አንዳንዴ የሚገጥም ሂሳብ ሁሌም ልክ ይመስላል። ድረ ገጾቹ ከቁጥሩ ሥር «ይህ ነፋስን፣ ማረፊያንና የመነሻ ከፍታን አይጨምርም» የሚል አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ይጎዳቸው ነበር? እነሱ እስኪጽፉ እናንተ ጠይቁ፦ በየት በኩል? በምን ነፋስ? ከየትኛው ከፍታ ተነስቶ?