በአንድ ስኒ ላይ የቆመ ማማ

ከቴኔሲዋ ናሽቪል በስተደቡብ፣ ብሬንትዉድ ላይ፣ 246 ሜትር የሚረዝም የብረት ማማ አለ። እኛ የምናውቀው ማማ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ከላይም ከታችም ሹል፣ ወገቡ ላይ ሰፊ ነው፤ ፈትል የጠገበ እንዝርት ይመስላል። እግሩ ሥር ቀርቦ ላየው ደግሞ ያን ሁሉ ብረት የተሸከመው አንድ ስኒ ነው። የቡናው አይደለም፤ የመብራት ሠራተኞች ስኒ የሚሉት፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ሸክላ። እንዳይወድቅ ወገቡን በብረት ገመድ ወጥረውታል። በመካከለኛ ሞገድ በሚያሰራጭ ራዲዮ ጫፍ ላይ የሚሰቀል አንቴና የለም፤ ከእግር እስከ ራሱ ማማው ራሱ አንቴና ነውና ምድር እንዲነካ አይፈለግም።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሲተከል 267 ሜትር ነበር። በምድር የሚሄደው ሞገድና ማታ ከሰማይ ነጥሮ የሚመለሰው እየተጋጩ ድምፁን ቢሸረሽሩት፣ ከጫፉ ሃያ አንድ ሜትር ያህል ቆረጡለት። አጥሮ ተሻለ።

የማማው ባለቤት ደብሊው ኤስ ኤም የተባለው ራዲዮ ጣቢያ ነው። በጥቅምት 1925 የከፈተው የኢንሹራንስ ኩባንያ ሲሆን ሦስቱ ፊደላት «ሚሊዮኖችን እንጠብቃለን» ከሚለው የኩባንያው መፈክር የተወሰዱ ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጆርጅ ሄይ የተባለው አስተዋዋቂ የ77 ዓመቱን አንክል ጂሚ ቶምሰንን ከነቫዮሊናቸው ማይክሮፎን ፊት አስቀመጣቸው፤ የቅዳሜ ማታው የካንትሪ ሙዚቃ ዝግጅት በዚህ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከክላሲካል ሙዚቃ ፕሮግራም ቀጥለው አየር ላይ ሲወጡ፣ ሄይ የ«ግራንድ ኦፔራ»ን ስም በገጠር አፍ አጣሞ ዝግጅቱን «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» አለው። ስሙም ጸና።

ያን ማታ የተጫወተው ዲፎርድ ቤይሊ ነው፤ ሃርሞኒካ የሚነፋ ጥቁር አሜሪካዊ። ልጅ ሳለ የባቡር ድልድይ ሥር ቆሞ፣ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ፣ ባቡሩ እስኪያልፍ ያዳምጥ ነበር አሉ። «ፓን አሜሪካን ብሉዝ» የተባለው ዜማው የዚያ ጆሮ ሥራ ነው። ባቡሩ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ይመታል፣ ይፈጥናል፣ ፉጨቱ ይመጣል፣ ይርቃል። ማሲንቆ ሲናገር የሰማ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጣቢያው በ1933 ማይክሮፎን ማማው አጠገብ አቁሞ የእውነተኛውን ፓን አሜሪካን ባቡር ፉጨት በየቀኑ ማሰራጨት ጀመረ። እኔን ከጠየቃችሁ ግን የቤይሊው ይበልጣል።

በ1941 አሰናበቱት፤ እዚያው ናሽቪል ጫማ እየጠረገ ኖረ። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር መዝገብ የተቀበለው በ2005 ነው፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ።

የ«ፓን አሜሪካን ብሉዝ» የ1927 ቅጂ ዛሬም ይገኛል። ሃርሞኒካ ሲነፋም ሲሳብም ስለሚጮህ የሰውየው ትንፋሽ ሁሉ ዜማው ውስጥ ገብቷል። ከፍታችሁ ስሙትና አየር የሚወስደው የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጉ።