መጽሐፍ የጫነች አህያ

አህያ በሐዋሳ እህልና ማገዶ ስትጭን የኖረች ናት። የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስና ባልደረቦቻቸው ግን መጻሕፍት የተደረደሩበት ጋሪ አስጎተቷት። ጋሪው ሰፈር ደርሶ ጎኑ ሲከፈት መደርደሪያው ይታይ ነበር፤ ልጆች ከብበው ይመርጡ፣ እዚያው ተቀምጠው ያነቡ ነበር። ልጁ ወደ መጽሐፉ እስኪሄድ ሳይጠብቁ መጽሐፉን ወደ ልጁ መውሰድ ትልቅ አክብሮት ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ግን ባሕር ማዶ ነው። አቶ ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በመደርደሪያው ላይ አማርኛ የሚያነብ ልጅ የሚያነሳው መጽሐፍ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው ጻፉ። አያቶች እሳት ዳር ሲያወሩት የኖረው የማሞ ቂሎ ተረት እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታተመ፤ ሽያጩም ለልጆች መጻሕፍት ለማድረስ ለተጀመረውና «ኢትዮጵያ ታንብብ» ለተባለው ሥራ መነሻ ገንዘብ ሆነ። በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ።

አሁን ደግሞ የኅትመቱ መንገድ ተለውጧል። ልጅነታቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ ያሳለፉት ደራሲ ጄን ከርትዝ ከሌሎች ጋር የሚያዘጋጇቸው ቀጫጭን መጻሕፍት አማርኛን፣ ትግርኛን ወይም አፋን ኦሮሞን ከእንግሊዝኛ ጋር ይዘው ይወጣሉ። በትእዛዝ ስለሚታተሙ መጋዘን አይሹም፤ ዋሽንግተን ያለች እናት አንድ ቅጂ ብቻ አዝዛ ለልጇ ማታ ታነባለች።